የሚያስጠላ መድኃኒት አለ?

በቤቱ ጠጪ ያለበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «መጠጥ የሚያስጠላ መድኃኒት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የት ይገኛል?» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። ሚስት ባሏ እንዳይሰማ፣ እናት ልጇ እንዳይሰማ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ይከተላል፦ «እሱ ሳያውቅ ምግብ ውስጥ የሚደረግ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር።»

ለዚህ ጥያቄ ሁሌም ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው፤ ምክንያቱም በአጭሩ ከተመለሰ ሰው ሊገድል ይችላል። መድኃኒት አለ፣ አንድ ብቻም አይደለም። ግን ሰውየው ሳያውቅ የሚሰጥ የለም። ከመድኃኒቱ በፊት ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ፣ መጠጡ እንደቆመ የሚመጣ አደገኛ ሳምንት አለ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ከዚያ ሳምንት በኋላ ስላለው ነው፤ ሰው ግን እዚያው ሳምንት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ይህን ያወቅሁት ለታላቅ ወንድሜ ህክምና ስፈልግ ነው። ጋሼ ነው የምለው፤ ከእናታችን ጋር ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፣ ሱቁ መርካቶ። በሱፍ ስፌት ስሙ የተጠራ፣ ሙሽሮች ወረፋ የሚይዙለት ሰው ነበር። መጠጡ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ከሥራ በኋላ ጃምቦ፣ ቀጥሎ ግሮሰሪ ቁጭ ብሎ ጂን፣ በመጨረሻ ርካሹና ቶሎ የሚይዘው አረቄ። ይህን ጽሑፍ አንብቤለታለሁ። «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተይው» ብሎኛል።

ቤተሰብ የሚያየው ማታውን ነው። እየተንገዳገደ መግባቱን፣ ጩኸቱን፣ የጠፋውን ብር። እኔ ግን ጠዋቱን እዩ እላለሁ። ጋሼ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም ነበር። ክሩን በምራቁ ያረጥበዋል፣ በጣቶቹ ያሾለዋል፣ ወደ መርፌው ቀዳዳ ያስጠጋዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጥና ክሩ በጎን ያልፋል። ደግሞ ይሞክራል። ግንባሩን ላብ ያሰምጠዋል። ከዚያ አጠገቡ ካለው አረቄ ቤት ገብቶ አንድ መለኪያ ጠጥቶ ይመለስና ክሩ በአንዴ ይገባል። ጠጪዎች ዓይን መክፈቻ ይሉታል። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳን ከማታው ስካር ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራው ምልክት ይህ ነው። መጠጥ እጁን የሚያረጋለት ሰው ሰውነቱ ያለ አልኮል መሥራት አቅቶታል። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ብቻውን፣ ቤቱ ተኝቶ፣ በድንገት ማቆም የለበትም።

እኛ አገር ደግሞ በድንገት የሚቆምበት ቀን በካሌንደር የታወቀ ነው። ቅበላ ላይ እስኪጠግብ የጠጣ ሰው ሰኞ ዐቢይ ጾም ሲገባ እርግፍ አድርጎ ይተዋል። 55 ቀን። ቤተሰብ ደስ ይለዋል፣ ንስሐ አባት ይመርቃሉ። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም፤ ትንሽ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ያልፍለታል። ፋሲካ ሲሆን ግን ይመለስበታል፣ ያኔ ሰው «ከፈለገ እኮ ማቆም ይችላል፣ ሱስ ሳይሆን ጥጋብ ነው» ይላል። ይህችን አባባል በጣም ነው የምጠላት። ማቆም መቻሉ ሱስ አለመሆኑን አያሳይም። ሱስ የሚታወቀው ሰው ካቆመ በኋላ ተመልሶ ሲገባበት ነው። በየቀኑ ጠዋት ጀምሮ ለዓመታት ለጠጣው ሰው ደግሞ ያቺ የጾም ሰኞ ከሌላው ሰው ሰኞ ጋር አንድ አይደለችም።

ጋሼ ያቆመው እንደዚያ ነው፣ ለጾም። በመጀመሪያው ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አላበው፣ ያቀረብንለትን አልበላም። በሁለተኛው ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ አይከደንም። በሦስተኛው ሌሊት ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ይሰፋ ነበር። እጁ ላይ ምንም የለም። ክር ይመዛል፣ ያረጥባል፣ በሌለ መርፌ ውስጥ ያስገባል፣ አንሶላውን አጥፎ ይዘመዝማል። «ቁልፉን አቀብዪኝ፣ ሰውየው ሊወስድ መጥቷል» አለኝ፣ በር በሩን እያየ። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። ስሜን ጠራሁለት፣ ስሙን ጠየቅሁት፣ ቀኑን ጠየቅሁት። እኔን አወቀኝ፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም።

እናታችን ማተቡን እየዳበሰች ታለቅሳለች። ጎረቤት «ይህማ የሰይጣን ነው፣ ሲነጋ ጸበል ውሰዱት» አለ። ጊቢያችን ውስጥ ያለች አንዲት ነርስ መጥታ እጁን ይዛ አየችው። «መቼ ነው ያቆመው?» አለች። ስንነግራት «ሲነጋ አይደለም፣ አሁን ነው» ብላ ራሷ ታክሲ አስመጣች። ወንድሜ በሕይወት ያለው በእሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐኪሙ ነገሩን ያስረዳን እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን ያዘገያል። አንጎል በየቀኑ ሲዘገይበት ተቃራኒውን እየገፋ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሁለት ሰዎች በርን ከሁለት ወገን ሲገፉ ቆይተው አንዱ ድንገት ቢለቅ ሌላው ወደ ውስጥ እንደሚወድቀው፣ አልኮሉ በአንዴ ሲነሳ አንጎል በራሱ ግፊት ይወድቃል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ ሰውየው ከዚያ በፊት ጥሎት የማያውቅ ቢሆንም። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ጋሼ ላይ ያየነው ይመጣል፤ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ የልብ ምት መፍጠን። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ሳይታከም ሲቀር ብዙ ሰው የሚገድል ነው። በጊዜ ሲታከም ግን የሚሞተው ከመቶ ከአምስት በታች ነው። ልዩነቱ ሆስፒታል መድረስ አለመድረስ ብቻ ነው።

ሕክምናው የሚገርም ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ዳያዚፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጡት፣ በሰዓት በሰዓት እያዩ መጠኑን ያስተካክላሉ፣ ቀስ በቀስም ይቀንሱለታል። ዳያዚፓም ብዙ ሆስፒታል ያለ መድኃኒት ነው። ግን እባካችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ እንዳትሰጡ። ከአረቄ ጋር ሲደመር ትንፋሽ ያቆማል። ሰውየው ደብቆ እንደጠጣ አታውቁም፣ ጉበቱ ምን ያህል እንደተጎዳም አታውቁም። ጉበቱ ለተጎዳ ሐኪም ሌላ ይመርጣል።

ሁለተኛው ነገር ቫይታሚን ቢ1 ነው፣ ታያሚን። ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ብዙ የሚጠጣ ሰው አይበላም፣ የበላውንም ሰውነቱ በደንብ አይመጥጠውም፣ ቢ1 ከሰውነቱ ያልቃል። እኛ ደግሞ የሰከረ ሰው ስናይ ወደ ቅርብ ክሊኒክ ወስደን «ግሉኮስ ይሰካለት» እንላለን። ጋሼንም ከዚያ በፊት እንዲያ አድርገንለት እናውቃለን፤ ክሊኒኩም ያለ ምንም ጥያቄ ሰክቶለት ገንዘቡን ተቀብሎ ሸኝቶናል። ቢ1 የሌለው ሰውነት ውስጥ ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ቢ1 ይጨርሳታል፣ አንጎል ይጎዳል። ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ዓይኑ መንቀሳቀስ ያቅተዋል ወይም ይርገበገባል፣ እግሩ እየተወላገደ ይሄዳል። የሚያየው ሰው ሰክሮ ነው ይላል። ካልታከመ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ይጠፋል። ስለዚህ ግሉኮስ ሊሰካ ሲል «ቢ1 ይሰጠዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም።

ጋሼ ሲሻለው የአእምሮ ሐኪም መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ከኔም ሳያንስ አይቀርም። ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ በቀን ምን ያህል ይጠጡ ነበር?»

«ትንሽ ነው፣ እንደ ሰው።»

«በመለኪያ ይንገሩኝ። ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ ስንት?»

ጋሼ ወደኔ አየ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው። «ሁለት። አንዳንዴ ሦስት።»

«ምሳ ላይስ?»

እንዲህ እያለ እስከ ማታ ወሰደው። ሐኪሙ ፊቱን አላጠቆረም፣ አልገረመውም፣ አልመከረም። ይጽፋል፣ ይጠይቃል። እኔ ለዓመታት ያልሰማሁትን ቁጥር ያኔ ሰማሁ፣ ከእናቴም ከሚስቱም የተደበቀውን። ወንድሜ እውነቱን የተናገረው ማንም ስላስገደደው አይደለም፤ እንደ በሽታ ስለተጠየቀ ነው። የደም ግፊት ያለበትን ሰው «ጨው ስንት ትበላለህ?» ብለን ስንጠይቅ አናዋርደውም እኮ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ አሥር ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አለው፣ ኦዲት ይባላል። ከ40 ይታሰባል። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አጠጣጡ ጎጂ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሱስ ሊሆን ስለሚችል በባለሙያ መታየት አለበት። ጋሼ ራሱ መለሰው፣ ራሱ ደመረው። እኔ ብደምርለት ኖሮ ይከራከረኝ ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ሰው የሚያስጠላ የሚለው ዳይሰልፊራምን ነው፣ በንግድ ስሙ አንታቡስ። ታሪኩ ይገርማል። ኤሪክ ያኮብሰንና የንስ ሃልድ የሚባሉ ዴንማርካውያን ለሆድ ትላትል ይሆን እንደሆነ ሲመራመሩበት ራሳቸው ዋጡት፤ ከዚያ አልኮል ሲቀምሱ ታመሙ። ሥራቸውን ያሳተሙት በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዝ ይለወጣል፣ ቀጥሎ መርዙ ይበተናል። ዳይሰልፊራም ይህን ሁለተኛውን ደረጃ ይዘጋዋል። ስለዚህ የዋጠው ሰው አንድ መለኪያ ቢቀምስ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ይወቅረዋል፣ ያስታውከዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የልብ ችግር ላለበት ሰው ይህ ሞት ሊሆን ይችላል። ተደብቆ የማይሰጠው ለዚህ ነው። ሳያውቅ የዋጠ ሰው እንደ ልማዱ ግማሽ ሊትር አረቄ ሲገለብጥ አስቡት። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ሊሠራ ይችላል። አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕ እንኳ ሊቀሰቅሰው ይችላል። አስቦና ፈልጎ ለሚወስደው፣ በየጠዋቱ ሚስቱ ወይም ወንድሙ ፊት ለሚውጠው ሰው ግን በደንብ ይረዳል። በምስጢር ሳይሆን በስምምነት ሲሆን ነው የሚሠራው።

ናልትሬክሶን ሌላ ነው። እንደ ዳይሰልፊራም ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ አያስታውክም፣ አያስፈራም። አልኮል አንጎል ውስጥ የሚያመጣውን ደስታ የሚቀበለውን በር ይዘጋል፤ ሰውየው ቢጠጣ እንኳ ያቺ የለመዳት ሞቅታ አትመጣም፣ አምሮቱም እየላላ ይሄዳል። አሜሪካ ለመጠጥ ሱስ የፈቀደችው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ በወር አንዴ የሚወጋው ደግሞ በ2006። ጉበት መመርመር አለበት። እንደ ትራማዶል ወይም ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው አይሰጥም፣ ያን መድኃኒት በአንዴ ከሰውነቱ ስለሚነጥቀው ክፉኛ ያመዋል። ትራማዶል በየሰፈሩ እንዴት እንደሚወሰድ ስለምናውቅ ይህን ሳላሰምርበት አላልፍም። ሦስተኛው አካምፕሮሴት ነው፤ ላቆመ ሰው እንዳይመለስ የሚያግዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ጉበቱ ለተጎዳ ይመቻል፣ ኩላሊቱ ለደከመ ግን አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ናልትሬክሶንንና አካምፕሮሴትን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ማለትም የቅንጦት መድኃኒቶች አይደሉም፤ የትም አገር ያለ የጤና ሥርዓት ሊኖረው ይገባል ተብሏል።

ተአምር ናቸው ወይ? አይደሉም። በ2014 እ.ኤ.አ. ጃማ የተባለው የሕክምና መጽሔት ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ አውጥቶ ነበር። አንድ ሰው ወደ መጠጥ እንዳይመለስ ለማድረግ አካምፕሮሴት ለ12 ሰዎች መስጠት፣ የናልትሬክሶን እንክብል ደግሞ ለ20 ሰዎች መስጠት እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ከባድ መጠጥን ብቻ ካየን ናልትሬክሶኑም ወደ 12 ይወርዳል። ይህን ለሰው ስነግር «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ይሉኛል። እኔ እንዲህ ነው የማየው፦ ከዐሥራ ሁለት ቤት የአንዱ አባት ይተርፋል። ያ አንዱ የማን ቤት እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ፍለጋው ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። ሐኪሙ የጻፈልንን የመድኃኒት ወረቀት ይዤ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያሉትን ፋርማሲዎች ዞርኩ፣ ፒያሳ ሄድኩ፣ ሜክሲኮ ሄድኩ። አንዷ ልጅ ጽሑፉን ደጋግማ አንብባ «ይህ የካንሰር ነው?» አለችኝ። ሌላው «አልፎ አልፎ ይገባል፣ ስልክ ጥለሽ ሂጂ» አለኝ፣ አልደወለም። ሜሪላንድ ያለች ነርስ የአጎቴ ልጅ ስደውልላት መጀመሪያ የነገረችኝ «የሐኪሙን ወረቀት ካላየሁ፣ የጉበት ውጤቱን ካላየሁ አንድ ፍሬ አልልክም» የሚል ነበር። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ልክ ነበረች፣ ምርመራው ተሠርቶ ነው የተጀመረው። ዲሲም ሆነ ለንደን ሆናችሁ ለወንድማችሁ መድኃኒት ልካችሁ የምትገላገሉ የሚመስላችሁ፣ መጀመሪያ የሚከታተለው ሐኪም መኖሩን አረጋግጡ። የላካችሁት ብልቃጥ ያለ ሐኪም ብቻውን ምንም አይሠራም።

በዚያው ሰሞን አንዲት ዘመዳችን በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ይዛ መጣች። ሽሮው ላይ ይነስነስለትና ከዚያ በኋላ የመጠጥ ሽታ አይወድም አለች። እንደ እሷ አባባል ብዙ ሰው ድኖበታል። ምን እንደሆነ ጠየቅሁ፣ ሥር ነው አለች፣ የምን ሥር እንደሆነ አታውቅም። በፍቅር እንዳመጣችው አውቃለሁ። ግን ጉበቱ አብጦ ለተኛ ሰው ስሙ የማይታወቅ ሥር አይሰጥም። አመስግኜ ተቀበልኳትና አላበላሁትም። ዛሬ ስልካችንን ስንከፍት «በሦስት ቀን አረቄ የሚያስተው» እያሉ የሚሸጡ ሰዎችን እናያለን። አንዳቸውም ስለ ሦስተኛው ሌሊት አይናገሩም።

ስለ ጸበል ዝም ብዬ ባልፍ ግብዝነት ይሆንብኛል። ጋሼ ሲሻለው እንጦጦ ሄዷል፣ ተጠምቋል፣ እምነቱን ተቀብቷል፣ ልቡም በርትቶበታል። እኔም አብሬው ሄጃለሁ። በኤች አይ ቪው ዘመን ሰው መድኃኒቱን እየጣለ ጸበል ሲሄድ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለመጠጥም ያው ነው። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እየጠጣ የከረመ ሰው በቀጥታ ተወስዶ፣ ታስሮ፣ ሳይበላ በቀዝቃዛ ውኃ ሲጠመቅ በሁለተኛው ቀን ሲጥለው «ለቀቀው» መባሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሆስፒታል አሳልፉት፣ ከዚያ ጸበሉ የትም አይሄድም።

ሌላው የሚያስፈራው ስም አማኑኤል ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገሪቱ ውስጥ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር፣ ስለዚህ «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት ሆነ። ጋሼም «እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ነበር። አሁን ግን በዘውዲቱም፣ በጳውሎስም፣ በጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ተመላላሽ ሆኖ የሚታይ ብዙ ሰው አለ። የአእምሮ ሐኪም በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. መሆኑን ሳስብ ያ ልጅ እግር ሐኪም ወንበር ስቦ ጋሼ አጠገብ መቀመጡ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል። የግል ማገገሚያዎችም አሉ። ጥሩ ሰዎች ያሉባቸው አሉ፤ በር ቆልፎ ከማስቀመጥ ያለፈ ነገር የሌላቸውም አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት «ሌሊት ነርስ አለ? ሲጥለው ማን ያየዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጫትን ደግሞ አትርሱ። ጋሼ ከሰዓት ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ጨብሲ የምንለው። ሐኪሙ መጠጡን ብቻ ሲያክም ቆይቶ ነው ይህ የወጣው፣ ስላልተጠየቀ አልተናገረም። የሚቅም ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው መጠጡን ይፈልገዋል፤ ስለዚህ አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ ከበደው። አሁን ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የሚከታተሉት።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ወድቋል። የአክስታችን ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ጠጅ ቀረበ፣ ተው አለ፣ «እንዴ በእኛ ደስታ?» ተባለ፣ ብርሌው እጁ ላይ ተደረገ። ሰጪዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እኛ ጋ እንግዳ ካልጠጣ አክብሮት የጎደለ ይመስለናል። በዝክሩም፣ በማኅበሩም፣ በሰንበቴውም እንዲሁ ነው። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ አስወርዷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክሏል፣ ደግ አድርጓል። ለአክስት ግን አዋጅ አልወጣላትም። ያን ሳምንት ጋሼ እንደገና ጠዋት ጠጣ። ያስደሰተኝ ነገር ቢኖር ራሱ «ሐኪሙ ጋ ውሰዱኝ» ማለቱ ነው። ሐኪሙም አልተቆጣም። የስኳር በሽተኛ ስኳሩ ሲጨምርበት እንደሚደረገው መድኃኒቱን አስተካከለለት፣ ቀጠሮውን አቀረበለት። ቤተሰቡን ደግሞ አንድ ላይ ጠርቶ ሰርግና ለቅሶ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው እንድንመድብ ነገረን። ያ ሰው አሁን እኔ ነኝ። ብርጭቆው ሲመጣ «ለእሱ ለስላሳ» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። የተቀየሙኝ አሉ።

በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ይዛችሁ ሐኪም ጋ የምትሄዱ ካላችሁ እነዚህን ጽፋችሁ ያዙ። የመጨረሻውን የጠጣበትን ሰዓት፤ በቀን የሚጠጣውን በሚያውቀው መለኪያ፣ በጃምቦ ከሆነ በጃምቦ። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ። ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት ወይም ቃዥቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ይህ ካለ አሁንም ሊደገም ስለሚችል አልጋ ይዞ ነው ማቆም ያለበት። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ትራማዶሉንም ጫቱንም ሳትደብቁ። ወንዶቹ ብቻ አይደሉም የሚጠጡት፤ ሴት ከሆነች እርጉዝ መሆን አለመሆኗን ንገሯቸው። አሁን እያተኮሰው የሌለ ነገር እያየ ከሆነ፣ ወይም ጥሎት ከነበረ፣ ቀጠሮ አትያዙ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱትና ገና በሩ ላይ «ጠጪ ነው፣ ያቆመው ከትናንት ወዲያ ነው» በሏቸው።